የጢም መዋጮ በምርጫ ሰሞን

ለበጎ ሥራ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ የሆነ ሰው ፊት ይቀድማል። አንዳንዴ የተቸገረው ሰው ፊት ነው፤ አንዳንዴ የሰጪው። በምርጫ ሰሞን ደግሞ የተወዳዳሪው ፊት ይመጣል። ከአገና እስከ ቡታጅራ፣ ከወልቂጤ እስከ እምድብር ባለው የጉራጌ አገር ግን የማንም ፊት ሳይቀድም ብዙ ገንዘብ የተሰበሰበበት ዘመን ነበር። ወደዚያ ታሪክ የወሰደኝ ነገር ትንሽ የሚያስቅ ነው፤ ጢም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ትራቪስ ጋሮን እና ሉክ ስላተሪ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች መጠጥ ቤት ተቀምጠው፣ ከፋሽን የወጣውን የላይኛው ከንፈር ጢም፣ ማለትም ሪዝን፣ እንመልሰው ይባባላሉ። በዚያ ዓመት 30 ወንዶች በኖቬምበር ወር ሪዛቸውን አሳደጉ። ቀልድ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን ቀልዱ ሥራ አገኘ፤ 450 ያህል ሰዎች ሪዝ አሳድገው 54 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ሰበሰቡና ለአገሪቱ የፕሮስቴት ካንሰር ፋውንዴሽን ሰጡ። ዛሬ ሞቬምበር በሚል ስም ብዙ አገሮችን ያዳረሰ ዘመቻ ሆኗል፤ ከፕሮስቴት ካንሰር ሌላ የወንድ የዘር ፍሬ ካንሰርንና የወንዶችን የአእምሮ ጤናም ይዟል። አሠራሩ ቀላል ነው። ወሩ ሲገባ ንጹሕ ተላጭተህ ትጀምራለህ፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲያልፍ የመሥሪያ ቤት ባልደረባህ “ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?” ይልሃል፤ ያን ጊዜ ስለ በሽታው ትነግረዋለህ፤ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል።

በአሜሪካ ኖቬምበር የምርጫ ወር ነው። ሪዝ ማሳደግና ድምፅ መስጠት አንድ ሳምንት ላይ ይጋጠማሉ፤ ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ወገናችን ጠዋት ተሰልፎ መርጦ፣ ቢሮ ሲገባ ባልደረባው ከንፈሩ በላይ ጸጉር ማብቀል ጀምሮ ሊያገኘው ይችላል። በዚያ አገር ጢምና ድምፅ የተዋወቁት ግን ከዚህ ብዙ ቀድመው ነው። በ1860 እ.ኤ.አ. ግሬስ ቤዴል የምትባል የ11 ዓመት ልጅ ለአብርሃም ሊንከን ደብዳቤ ጻፈች፤ ፊትዎ ቀጭን ነውና ጢም ቢያሳድጉ ሴቶቹ ባሎቻቸውን እርስዎን እንዲመርጡ ይገፋፏቸዋል የሚል ምክር ነበረው። ሊንከን ምርጫውን ያሸነፉት ያለ ጢም ነው፤ ወደ ሥልጣን ሲገቡ ግን ባለ ጢም ነበሩ። ቶማስ ዲዊ በ1944 እና በ1948 እ.ኤ.አ. ሪዙን እንደያዘ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ። ከዊልያም ታፍት ወዲህ፣ ማለትም ከ1913 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ባለ ሪዝ ፕሬዚዳንት አልታየም።

እኛን የሚመለከተው ክር ከሜልቦርን አይጀምርም። ከኮረም ነው የሚጀምረው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቢዩርክ ከኮረም ያቀረበው የረሃብ ዘገባ መሐመድ አሚን ከቀረጸው ምስል ጋር ዓለምን ዞረ። ያኔ ገንዘቡን ያመጣው የተራበው ሰው ፊት ነው፤ ዓይኑ የጎደጎደ ሕፃን፣ ነጠላዋን የጠቀለለች እናት። ሐምሌ 6 ቀን 1977 የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የሙዚቃ ድግስም በዚያው ምስል ላይ የቆመ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኮሚክ ሪሊፍ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ። መሥራቾቹ የሱዳንና የኢትዮጵያን ረሃብ አይተው ያሰቡት መላ ሌላ ነበር፤ ሰጪው ራሱ ይሳቅበት አሉ። በ1988 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የቀይ አፍንጫ ቀን ሲከበር፣ ባንክ ሠራተኛውም መምህሩም አፍንጫው ላይ ቀይ ኳስ ሰክቶ ዋለ። ፊትን ለበጎ አድራጎት ማበላሸት የዘመናችን ልማድ ከሆነ፣ ከዋነኞቹ መነሻዎቹ አንዱ የእኛው የ1977 ረሃብ ነው። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ኩራትም ቅሬታም ሳይሆን፣ የተራበው ፊቱን ከሚያሳይ የጠገበው ፊቱን ቢያሳይ ይሻላል የሚል ስሜት ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት አገና ከተማ ላይ፣ የእዣ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በዚያች ደጋ ከተማ፣ ለበጎ ሥራ ብሎ ጢሙን ቢያሳድግ ምን ይገጥመዋል? የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ መዋጮ አይሆንም። “ማን ሞተብህ?” ነው የሚባለው። በአገራችን ሐዘንተኛ ወንድ ጢሙን አይላጭም፤ አርባው እስኪወጣ ፊቱ ለመንደሩ ሁሉ ሐዘኑን ይናገራል። ያልተላጨ ፊት ያየ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እግዜር ያጽናህ” ይላል እንጂ ኪሱን አይዳብስም። ጸጉርና ጢም ሌላም ሥራ ነበራቸው። የጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች ጎፈሬያቸውንና ጢማቸውን ለቅቀው ዱር የከረሙ ናቸው፤ የራስ አበበ አረጋይን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ከጸጉራቸው ብዛት በፊት ምንም አይታየውም። ሚያዝያ 27 ቀን በየዓመቱ በሚከበረው የድል በዓል ላይ አባት አርበኞች ጎፈሬ አድርገው መታየታቸው ከዚያ የመጣ ነው። ስለት ያለበትም ሰው አለ፤ ስለቱ እስኪደርስለት ምላጭ አያስነካም። በሦስቱም ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ያልተቆረጠው ጸጉር ገና ያልተከፈለ ነገርን ያሳያል። ለሞተው ያልተጠናቀቀ ሐዘን አለ፣ ለአገር ያልተመለሰ ነጻነት አለ፣ ለታቦት ያልገባ ስለት አለ። የሜልቦርኖቹ ይህን ቢያውቁ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል፤ እነሱ በቀልድ የደረሱበትን የእኛ ሰው በቁም ነገር ሲኖረው ኖሯል።

ቡታጅራ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከተማዋ ውስጥ ሙስሊሙ ብዙ ነው፤ በሱና መሠረት የላይኛው ከንፈር ጢም ይከረከማል፣ የአገጩ ይለቀቃል። የሞቬምበር ሪዝ የዚህ ግልባጭ ነው። ከዚያም በላይ ሁለቱም ሃይማኖቶች በደጉ ሥራ ላይ ፊትን ማሳየት አይወዱም። ክርስቲያኑ ቀኝ እጅ የምትሰጠውን ግራ እጅ አትወቅ ሲባል ያደገ ነው፤ ሙስሊሙም ሰደቃን በመደበቅ ረገድ ተመሳሳይ ትምህርት ሰምቷል። ፊቱን አሳምሮ የሰጠ ሰው በሰማይ ያለውን ዋጋ በምድር በላው ይባላል።

ነገር ግን የጉራጌ ማኅበር በተግባር እንዲህ ድብቅ ሆኖ አያውቅም። መዋጮ ሲሰበሰብ ስም ይጠራል፣ መዝገብ ይገለጣል፣ የከፈለም ያልከፈለም ይታወቃል። ይህ ከመጽሐፉ ትምህርት ጋር ይጋጫል? ይጋጭ ይሆናል። መንገድ የሠራው ግን እሱ ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ ጉራጌዎች ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ፣ በሆሳዕና በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቋሙ። የሰባት ቤት ጉራጌም ከወልቂጤ ወደ እምድብርና ወደ ውስጡ ገጠር የሚገቡ መንገዶችን በራሱ የመንገድ ሥራ ድርጅት ያዘ። ማኅበሩ ገንዘብ ያዋጣል፤ መንግሥትም በአውራ ጎዳና በኩል ድርሻውን ያክላል። ይህ በኢትዮጵያ የከተማ ስደተኛና የትውልድ ቀዬ ግንኙነት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ምሳሌ ሆኖ ምሁራን አጥንተውታል፤ ፈቃዱ ገዳሙ የዶክትሬት ሥራቸውን የሠሩት በዓለም ገናው የመንገድ ማኅበር ላይ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከመርካቶ። የመርካቶ ነጋዴ፣ ሱቅ በደረቴ፣ ተሸካሚ፣ ሊስትሮ። እንሰት ተክሎ ቆጮ የሚበላ ደጋ አገር ራሱን ይመግባል፤ ጥሬ ገንዘቡ ግን ከከተማ ነው የሚመጣው፤ የመሬቱ ጥበትም ወጣቱን ወደ ከተማ ይገፋል። ከተማ የገባው ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ ለመስቀል አገሩ መግባት አለበት፤ ሙስሊሙ ለአረፋ። መንገድ በሌለበት ዘመን ይህ ጉዞ ከአውራው መንገድ ወርዶ በእግርና በበቅሎ ነበር፤ የታመመ ሰው ደግሞ በቃሬዛ ይወርዳል። እና መንገዱ የማንም ሩቅ ልማት አልነበረም፤ ያዋጣው ሰው ራሱ የሚሄድበት፣ እናቱን ሐኪም ቤት የሚያደርስበት ነው። እንደ እኔ እምነት የማኅበሩ ብርታት እዚህ ላይ ነው። የተራበ ሕፃን ፎቶ አላስፈለገውም፤ የሚቀልድ ሰጪም አላስፈለገውም። መስቀል ሲደርስ ሁሉም ሰው አገሩ ይገባል፣ ክትፎው ይቀርባል፣ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፣ ስለ መንገዱ ይወራል፣ የቀረ መዋጮ ካለ እዚያው ይጠየቃል። በእድርና በእቁብ ያደገ ሰው መዝገብ ላይ ስሙ ባዶ ሆኖ እንዲቀር አይፈልግም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ ፈቃደኝነት ብቻ አልነበረም። ይሉኝታ የሚባል ኃይል አለ፤ ይሉኝታ ሊስትሮውን ልጅ ከአቅሙ በላይ ሊያስከፍለው ይችላል። የሞቬምበሩ ሰው ባልደረባው ባይሰጠው ይስቅና ያልፋል፤ ማኅበር ውስጥ ያልሰጠ ሰው ግን ለቅሶው ላይ ማን ይመጣል ብሎ ያስባል። የመንገዱን ታሪክ የሚያሞግሱ ጽሑፎች ይህን ገጽ ቶሎ ይገለብጡታል።

አሁን ምርጫውን እናምጣ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። ምርጫው እስከ 1965 ድረስ አምስት ጊዜ ተካሄደ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ተወዳዳሪው ንብረት ያለው ሰው መሆን ነበረበት፤ የሚቆመውም በራሱ ስም፣ በራሱ ዘመድ፣ በራሱ ፊት ነው። ሰዎችን በሺዎች አደራጅቶ፣ ስብሰባ ጠርቶ፣ ገንዘብ ሰብስቦ በሕጋዊ መንገድ ይንቀሳቀስ የነበረው የራስ አገዝ ማኅበር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ማኅበር ያለው ሰው ድምፅ አለው። ፈተናውም እዚህ ነው፤ የመንገድ መዋጮ መዝገብ የመራጮች መዝገብ ለመሆን አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው።

ያን እርምጃ የተራመደ ማኅበር ምን እንደሚደርስበት በዚያው ዘመን ታይቷል። በ1955 የተመሠረተው የኦሮሞዎች የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ልክ እንደ ጉራጌዎቹ በመንገድ፣ በትምህርት ቤትና በጤና ነው የጀመረው። ጥያቄው ከመንገድ አልፎ ወደ መብት ሲደርስ መንግሥት በ1950ዎቹ መጨረሻ ማኅበሩን ዘጋው፤ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩት ጄኔራል ታደሰ ብሩ የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው ወደ እስራት ተለወጠላቸው። የጉራጌ ማኅበሮች ዓይናቸውን ከአስፋልትና ከጠጠር ላይ ስላላነሱ ቆዩ። አንዱን ብልህ ሌላውን ደፋር ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይከብደኛል፤ የኦሮሞ ገበሬ የመሬት ጥያቄ በመዋጮ መንገድ የሚመለስ አልነበረም።

የመጨረሻው የንጉሡ ዘመን ምርጫ፣ የ1965ቱ፣ ስለ ፊትና ስለ መዋጮ ከሁሉም የበለጠ የሚናገር ነው። ተወዳዳሪዎች በክረምቱ መግቢያ ድምፅ ሲለምኑ ወሎ እየተራበ ነበር። ባለሥልጣናቱ ረሃቡ እንዲወራ አልፈለጉም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ ይዘው መጡና ለዕይታ አቀረቡ፤ ተማሪዎች ቁርሳቸውን ትተው ዋጋው ለረሃብተኛው እንዲላክ ጠየቁ። በምርጫ ሰሞን በገዛ ሰውነት ላይ የተወሰደ መዋጮ ካልን፣ ከሪዝ ይልቅ ይህ ነው የእኛው። ባዶ ሆዱን ክፍል የገባ ተማሪ ጢም ከማሳደግ በላይ ከፍሏል፤ ፊቱን ግን ማንም አላየለትም። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም ዓለምን አስደነገጠ፤ መስከረም 1967 መባቻ ላይ ደርግ ያንኑ ምስል ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ፣ በማግሥቱም ንጉሡን አወረደ። ለመዋጮ የተነሳ ፎቶ ዙፋን ሲገለብጥ ያየነው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ መዋጮ የሚለው ቃል ራሱ መረረ። ደርግ ለእናት አገር ጥሪ ሲሰበስብ፣ ቀበሌው ሲቆጥር፣ መስጠት ግዴታ ሆነ። ኢሕአዴግ በ2002ቱ ምርጫ ከአጋሮቹ ጋር ከ547 መቀመጫ 545ቱን ከወሰደ በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 የሕዳሴው ግድብ መሠረት ተጣለና የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ቃል ገባ። ብዙው ሰው ግድቡን ይወድዳል፤ በየመሥሪያ ቤቱ እጁን ሳያወጣ የቀረ ሰው ግን እንዴት እንደታየ የሚያውቀው ያው ሠራተኛ ነው።

የግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ ደግሞ በሕጉ ላይ አሻራውን ጣለ። ያ ሰሞን የጉራጌ ከተሞችንም የሞቀ ክርክር ውስጥ ከትቶ ነበር፤ የገዢው ፓርቲ የንብ ምልክትና የተቃዋሚው የሁለት ጣት ምልክት በየሱቁ በር ተፋጠጡ። ከዚያ በኋላ መንግሥት የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን በጥርጣሬ ዓይን ማየት ጀመረ፤ አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። በጎ አድራጎትና ምርጫ በአዋጅ ተፋቱ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ገደብ አነሳው። በዚያው ዓመት የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ በሌላ በኩል ያለውን በር ጠበቀ፤ ድምፅ ለማግኘት ገንዘብ ወይም ስጦታ ማቅረብ ክልክል ነው። ስለዚህ በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓይነት ምርጫ ዋዜማ ላይ ተወዳዳሪው ራሱ ሪዝ አሳድጎ ለትምህርት ቤት ጣሪያ ገንዘብ ልሰብስብ ቢል፣ ቆርቆሮው በማን ስም ነው የሚመታው የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሳል። ተወዳዳሪ ፊት አለው፤ ፊቱ ደግሞ ፖስተር ላይ ነው።

ለዚህ ይመስለኛል ጢሙን ማሳደግ ያለበት የማይወዳደር ሰው ነው የምለው። ወቅቱም ኅዳር ይሁን ሰኔ ብዙ ለውጥ የለውም፤ በእኔ ምርጫ ግን መስቀል ነበር፣ ሰዉ ሁሉ አገሩ የሚገባበት።

ዓላማ ደግሞ አይጠፋም። ሞቬምበር የያዘው የወንዶች የአእምሮ ጤና ጉዳይ ከቡታጅራ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። በቡታጅራ አካባቢ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሕዝብ ጤና ክትትል ሲያካሂዱ ኖረዋል፤ በዚያው መሠረት ላይ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ያዳረሰ የከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት ተሠርቷል። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሆነው ከተገኙት ውስጥ ወንዶቹ ከሴቶቹ በብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር። የዓለም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ቡታጅራን በዚህ ጥናት ያውቋታል፤ የቡታጅራ ጸጉር ቤት ውስጥ ግን ስለዚህ ነገር ሲወራ አይሰማም፤ የታመመው ሰው ጸበል ይወሰዳል ወይም ቤት ይቆለፍበታል። አንድ ሰው በሪዙ ምክንያት ይህን ወሬ ጸጉር ቤት ውስጥ ማስነሳት ከቻለ፣ የሚሰበስበው ብር ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም። በወልቂጤ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ሕዝቡን ሲያገለግል የኖረው የአጣት ሆስፒታል አለ፤ ለሕክምና የሚሆን መዋጮ መድረሻ አያጣም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ጢም የወንድ ነው። በጉራጌ ቤት መዋጮን ከወንዱ ባላነሰ የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው፤ ውጆ የሚባለው የቅቤ እቁባቸው ገንዘብ ወደ ገጠሩ በደንብ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ የነበረ ነው። እያንዳንዷ ከላሟ ያገኘችውን ቅቤ ታመጣለች፣ ይመዘናል፣ በተራ ለአንዷ ይደርሳል፤ እሷም ለመስቀል ታውለዋለች ወይም ትሸጠዋለች። ማንም ፊቷን አያይም፤ የሚታየው ቅቤው ነው፤ ያጎደለችም በሚዛን ትታወቃለች። የአገናው ወጣት ሪዙን ማሳደግ ሲጀምር ገንዘቡን የሚይዝለት ሰው ከፈለገ፣ ከውጆ ሴቶች አንዷን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።